ለድኃ ወጣትና ጎልማሳ ሙያ ለማስተማር ስለሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ነገር ትምህርቱን አቋርጦ ስለ ቀረው ልጅ፤ መሬት ሳይደርሰው ጎልማሳ ስለ ሆነው ሰው፤ ልጆቿንም ብቻዋን ስለምታሳድገው ሴት ነው። እነዚህን ሰዎች ሁላችን እናውቃቸዋለን። መምህሩ ስማቸውን በመዝገብ ጽፎ በኋላ የሰረዛቸው ናቸው፤ ሽማግሌውም በገበያ ዳር ቆመው ባያቸው ጊዜ አባታቸውን አስታውሶ የሚያዝንላቸው ናቸው። ለእነርሱ እንጀራ የሚሆን ሙያ ማስተማር መልካም መሆኑን የሚክድ ሰው አላገኘሁም። የሚያከራክረው ገንዘቡን ማን ይክፈል የሚለው ነው፤ የሕዝብ ግምጃ ቤት ይክፈል ከተባለም በኋላ የተከፈለው ገንዘብ በእውነት መጥቀሙ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ይህም ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው።

አንዳንድ አባቶች፤ «በእኛ ጊዜ ሙያ የሚማር ሰው ከመንግሥት ምን ተቀበለ? የአንጥረኛ ልጅ ከአባቱ ወናፍ አጠገብ ተቀምጦ፤ የሸማኔም ልጅ ድውር እየደወረ ተማረ እንጂ» ሲሉ እሰማለሁ። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ትምህርት ለባለ ሙያ ልጅ ብቻ ነበር፤ አባቱ ሙያ የሌለው ልጅ ከማን ወናፍ አጠገብ ይቀመጥ? ደግሞም አባቶቻችን ለትምህርት ሕዝብ አይክፈል ብለው አያውቁም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጠው መንደሩ ነበር። ያ ቁራሽ በሒሳብ መዝገብ ባይጻፍም ለተማሪ የወጣ የሕዝብ ሀብት ነው። ይህን ቁራሽ አትርሱብኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

በዚህ ነገር እጅግ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፤ ብዙ ጊዜም ተሳስቶ፤ ስሕተቱንም መርምሮ በጽሑፍ ካስቀመጡት አገሮች አንዱ የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ነው። ስለዚህ የንግግሬን አብዛኛውን ክፍል ስለዚያ አገር አደርገዋለሁ። ይህም እነርሱ የሠሩትን ሁሉ እንቅዳ ለማለት አይደለም፤ ባለጠጋ አገር ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ያወቀውን ነገር ድኃ አገር ሳይከፍል ሊያውቀው ስለሚችል ነው። የምጠራቸው ዓመታት የኢትዮጵያ ነው ካላልሁ በቀር በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1929 የጀመረው የንግድ ውድቀት የሥራ ፈቱን ቍጥር ባበዛው ጊዜ፤ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 ወጣቶችን በሰፈር ሰብስቦ ዛፍ የሚያስተክል፤ የተሸረሸረ መሬት የሚያስጠግን፤ መንገድና ድልድይም የሚያሠራ ድርጅት አቆሙ። እስከ 1942 ድረስ ወደ 3 ሚሊዮን የሚሆኑ ወንዶች በዚህ ድርጅት አልፈዋል። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ነበር፤ ከዚሁም 25ቱ በቀጥታ ወደ ቤተሰባቸው ይላክ ነበር። ማታ ማታም በየሰፈሩ ትምህርት ስለ ተሰጠ፤ ፊደል ሳይለዩ ገብተው ማንበብና መጻፍ ችለው የወጡት ከ40,000 በላይ ናቸው። ነገር ግን ጥቁሮቹ ከነጮቹ ተለይተው በሌላ ሰፈር እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር፤ ሴቶችም አልገቡበትም። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ድርጅቱን ከሚገባው በላይ ማመስገን ነው።

ይህ የመጀመሪያው መንገድ ሥራ መስጠት እንጂ ሙያ ማስተማር ዋና አሳቡ አልነበረም። ሙያ ለማስተማር ተብሎ የወጣው ትልቁ ሕግ በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የተፈራው፤ መኪና የሰውን ሥራ ወስዶ የቆየ ባለ ሙያ ሥራ ፈት እንዳይሆን ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን የአገሩ ንግድ ስለ ተስፋፋ ባለ ሙያዎቹ በራሳቸው ሥራ አገኙ፤ ከደጅ ቆመው የቀሩት ድኃዎቹና ያልተማሩት፤ ይልቁንም ወጣቶቹ ሆኑ። ገንዘቡም ወደ እነርሱ ዞረ። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ድኅነትን ለመዋጋት ባወጡት ሕግ፤ ጆብ ኮር የተባለው፤ በእኛ ቋንቋ የሥራ ጭፍራ እንደ ማለት ያለው ድርጅት ተመሠረተ። ከ16 ዓመት ጀምሮ ያለው ድኃ ወጣት ከመንደሩ ወጥቶ በአዳሪነት ይገባል፤ ምግብ፣ መኝታና ሕክምና ይሰጠዋል፤ ፊደሉንም ሙያውንም በአንድነት ይማራል። ከመጀመሪያዎቹ ማሠልጠኛዎች አንዳንዶቹ ወታደር የለቀቃቸው የጦር ሰፈሮች ነበሩ።

በ1973 በወጣው ሕግ ደግሞ ገንዘቡ ለየከተማውና ለየአውራጃው ሹማምንት ተከፋፈለ። ሥራ ለሌለው ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ሥራ እየሰጡ ደመወዝ ይከፍሉበት ነበር። አንዳንዱ ከተማ ግን ቀድሞ ከራሱ ግብር ደመወዝ ይቆርጥላቸው የነበሩትን ሠራተኞች በዚህ ገንዘብ ይከፍላቸው ጀመር። በወረቀት ላይ አዲስ ሥራ የተገኘ መሰለ፤ በእውነቱ ግን የከፋዩ ኪስ ተለወጠ እንጂ የተጨመረ እንጀራ አልነበረም። ጋዜጦች ይህን ገልጠው ስለ ጻፉ ሕዝቡ ተቈጣ፤ ሕጉም በ1982 ተሽሮ በሌላ ሕግ ተተካ።

በዚህ በ1982ቱ ሕግ ላይ ጥቂት እቆያለሁ፤ እናንተ መምህራን ከማንም ይልቅ የምትረዱት ነገር አለበትና። ሕጉን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ካቀረቡት ዋነኞቹ ዳን ኩዌልና ኤድዋርድ ኬኔዲ ናቸው፤ አንዱ ከአንደኛው ወገን አንዱም ከተቃራኒው ነበሩ፤ ፈርመው ያጸደቁትም ፕሬዚዳንት ሬጋን ናቸው። ሕጉ በየአገሩ ነጋዴዎች የሚበዙበት ጉባኤ አቁሞ፤ የሚሠለጥነው ሰው በምን ሙያ ይሠልጥን የሚለውን ጉባኤው እንዲመክርበት አደረገ። ከገንዘቡም ቢያንስ ከመቶ 70 እጁ ለማሠልጠን ብቻ እንዲውል፤ ለጽሕፈት ቤት ወጪና ለተማሪው ርዳታ የሚውለው ከ30 እንዳይበልጥ ወሰነ። ማሠልጠኛውም የሚመሰገነው ወይም የሚነቀፈው ስንት ሰው ሥራ አስያዘ፤ ደመወዙስ ስንት ሆነ፤ በስንት ወጪ አስያዘ ተብሎ በሚቈጠር ቍጥር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሰሙት ጥበብ ያለበት ነገር ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን ሁለት ጕዳት ተከተለው። አንደኛው፤ ማሠልጠኛዎቹ በሥራ ባስያዟቸው ሰዎች ቍጥር ስለሚለኩ፤ ከመጡት መካከል ሳይሠለጥኑም ሥራ ማግኘት የሚችሉትን መርጠው መቀበል ይቀናቸው ነበር። ይህ ነገር በእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። አንድ መምህር ፊደል የለዩትን ልጆች ብቻ ተቀብሎ፤ በዓመቱ መጨረሻ «እነሆ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ያነባሉ» ቢል፤ መርማሪው ያመሰግነው ይሆናል፤ እኛ ግን ያስተማረው ነገር እንደሌለ እናውቃለን። ያ ፊደል ያለየው ልጅ ዛሬም ከደጅ እንደ ቆመ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የተሠራው ግን ለእርሱ ነበር።

ሁለተኛው ጕዳት ስለ ቁራሹ ነው። ለተማሪው መኖሪያ የሚሰጠው ርዳታ ስለ ጠበበ፤ ረጅም ትምህርት መማር የሚችል ድኃ ጥቂት ሆነ። ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ስድስት ወር ሙሉ ሳትሠራ ማን ያብላት? ስለዚህ አብዛኛው ሥልጠና አጭር ሆነ፤ ብዙውም ሙያ ከማስተማር ይልቅ ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ ማስተማር ነበር። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ቢከለከል ኖሮ ቅኔ ቤቱ ስንት ሳምንት በቆየ ነበር?

አሜሪካኖች ግን አንድ መልካም ነገር አደረጉ፤ ይኸውም ገንዘቡ ጠቅሞ እንደ ሆነ በዕጣ መረመሩት። ዕጣ ስል ሽማግሎች መሬት ሲከፈል የምትጥሉትን ዕጣ ማለቴ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሠልጥኖ ሥራ የያዘ ሰው ቢገኝ፤ ሥራውን ያገኘው በሥልጠናው ይሁን ወይም ቀድሞውንም ትጉህ ስለ ነበረ ማን ያውቃል? ስለዚህ ለመሠልጠን ከመጡት እኩሌታው ወይም ከሦስቱ ሁለቱ እጅ በዕጣ ይገባሉ፤ የቀሩት ለጊዜው ይቆያሉ። ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላምና ሁለቱ ወገኖች በትጋትም በድኅነትም በዕውቀትም የተመሳሰሉ ናቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሁለቱ ገቢ ሲመዘን፤ የሚገኘው ልዩነት የሥልጠናው ብቻ ይሆናል። ሰውን በዕጣ ማስቀረት ጭካኔ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ አንዱ መቅረቱ የማይቀር ነው፤ በዝምድናና በምልጃ ከሚቀር በዕጣ ቢቀር ይሻለዋል።

በ1987 ጀምሮ በ16 ስፍራዎች ከ20,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ተመረመሩ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ሲመዘን፤ የአዋቂ ሴቶች ገቢ በዕጣ ከቀሩት ይልቅ ከመቶ 10 ያህል፤ የወንዶቹም ከመቶ 5 ያህል በልጦ ተገኘ። ብዙ አይደለም፤ ከወጣው ገንዘብ ግን ይበልጣል። ከ22 ዓመት በታች የሆኑት ወጣቶች ግን ምንም ጥቅም አላገኙም። ይህ ዜና በተሰማ ጊዜ ምክር ቤቱ በ1995 ለወጣቶች ከሚወጣው ከዚህ ገንዘብ ከአምስቱ አራቱን እጅ ያህል ቈረጠው።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ምርመራው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የተመረመረው ጥቂት ወር የሚሆን ቀላል ሥልጠና ነው። ለዓመታት በድኅነት የኖረና ትምህርት ቤት የጣለው ልጅ በጥቂት ሳምንት ትምህርት አልተለወጠም ማለት፤ ልጁ አይማርም ማለት አይደለም። ለታመመ ሰው ከሚገባው መድኃኒት ሩቡን ሰጥተው ባይድን፤ መድኃኒቱንም በሽተኛውንም መተው ፍርድ አይባልም።

የሥራ ጭፍራው ምርመራ ይህን አሳቤን በግማሽ ይደግፈዋል፤ በግማሽም ያስደነግጠኛል። ከ1994 እስከ 1996 ድረስ ካመለከቱት ወደ 80,000 ከሚሆኑ ወጣቶች 6,000 ያህሉ በዕጣ ቀሩ። የገቡት በአማካይ ስምንት ወር ያህል ቆዩ፤ ለእያንዳንዱም ወደ 16,500 ዶላር ወጣ። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት የገቡት ገቢ ከቀሩት ከመቶ 12 ያህል በለጠ፤ በወንጀል የተያዙትም ከስድስት አንድ እጅ ያህል አነሱ። ከዚያ በኋላ ግን በግብር መዝገብ ሲታይ የወጣቶቹ ትርፍ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ጸንቶ የቆየው ከ20 እስከ 24 ዓመት ሆኗቸው ለገቡት ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ያለው ለመማር ቈርጠው የመጡ ይመስለኛል፤ ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድም ተዘግቶባቸዋል። የ16 ዓመት ልጅ ከሰፈሩ ርቆ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ልቡ ከሰፈሩ አይወጣም። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው በቴክሳስ በሳን አንቶንዮ ከተማ የተደረገው ነው። በ1990 በዚያ ከተማ የነበረ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተዘግቶ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ፤ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ተሰብስበው፤ ከተማው የሚከፍል ሥራ እያለው ለምን የእኛ ሰዎች አይያዙበትም ብለው ጠየቁ። ወደ አሠሪዎቹ ሄደው፤ ወደፊት ስንት ሰው በምን ሙያ እንደሚፈልጉ ጠይቀው ጻፉ። ሆስፒታሎቹ አስታማሚ እንደሚያጡ ተረዱ። ከዚያ በኋላ ከከተማውና ከመንግሥት ገንዘብ እየለመኑ ኩዌስት የተባለውን ድርጅት አቆሙ። ድርጅቱ የራሱን ትምህርት ቤት አልሠራም፤ ሰዎቹን በከተማው ኮሌጅ አስገብቶ የትምህርት ክፍያውን፣ መጽሐፉን፣ የመጓጓዣውንና ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸውን ሰው ዋጋ ይረዳ ነበር። በየሳምንቱም ከመካሪ ጋር ይሰበሰባሉ፤ ማን ቀረ፤ ለምን ቀረ ተብሎ ይጠየቃል። ትምህርቱ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከ2006 እስከ 2008 የመጡ 410 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ተመረመሩ። በሚማሩበት ጊዜ የገቡት ገቢ ከቀሩት ያነሰ ነበር፤ ምክንያቱም ይማሩ ነበርና። በዘጠነኛው ዓመት ግን የገቡት በዓመት ወደ 5,000 ዶላር የሚሆን በልጠው ተገኙ። ምርመራው በሁለተኛው ዓመት ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ፤ ይህም ገንዘብ በከንቱ ጠፋ ተብሎ ይጻፍ ነበር።

በአሜሪካ ሕጉ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ በ1998 በፕሬዚዳንት ክሊንተን፤ በ2014 በፕሬዚዳንት ኦባማ ጊዜ። የ2014ቱ ሕግ ለወጣቶች ከሚወጣው ገንዘብ ቢያንስ ከመቶ 75 እጁ ከትምህርት ቤት ውጭ ላሉት እንዲሆን አዝዟል፤ መራጩ ማሠልጠኛ የረሳው ልጅ በሕግ እንዲታሰብ መደረጉ መልካም ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በእኛ ዘንድ ከገንዘብ በፊት የሚመጣ አንድ ዕዳ ነበረብን፤ እርሱም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስም እያወጣን ሰደብን፤ ማረሻውን ግን ከእርሱ ገዛን፤ እንስራውንም ከእርሷ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬም ልጁ ብረት ሥራ እማራለሁ ሲለው ፊቱን የሚያጠቍር አባት በመካከላችን የለም የሚል ካለ፤ እርሱ ደስተኛ ሰው ነው፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

በአገራችንም በዕጣ የተደረገ ምርመራ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሊቃውንት፤ በአምስት ድርጅቶች የፋብሪካና የእርሻ ሥራ ለመያዝ ያመለከቱትን ወደ 1,000 የሚሆኑ ሰዎች በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ወገን ሥራውን አገኘ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብና የአምስት ቀን የንግድ ትምህርት ተቀበለ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሥራውን ካገኙት ከአራቱ ሦስቱ እጅ በዓመት ውስጥ ለቀው ወጡ። መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ግን በአንደኛው ዓመት ገቢያቸው በሢሶ ያህል አደገ። በአምስተኛው ዓመት ሲታይ ሦስቱም ወገኖች ተካክለው ተገኙ። ከዚህ የተረዳሁት፤ ወጣቱ ሰነፍ ስለ ሆነ ፋብሪካ አይሠራም ማለት ሐሰት መሆኑን ነው፤ ደመወዙ በመንደር ከሚገኘው ካልበለጠ፤ ድካሙም ጤና ከጐዳ፤ መልቀቁ ሒሳብ ማወቅ ነው። ደግሞም መነሻ ገንዘብ ብቻውን ለአንድ ሁለት ዓመት ያስኬዳል እንጂ ሩቅ አያደርስም።

እኔ ራሴ በአንድ ትንሽ ከተማ ያየሁትን ልናገር። ወጣቶች ተሰብስበው ስድስት ወር የእንጨት ሥራ ተማሩ፤ በኤሌክትሪክ መጋዝ ነበር የተማሩት። በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ መጋዝ፣ መላጊያና መሮ ግን አልተሰጣቸውም። ከእነርሱ አንዱን በሚከተለው ዓመት በመናኸሪያ ዕቃ ሲሸከም አገኘሁት። የምስክር ወረቀቱን ዝናም እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ ይዞት ነበር። የመንደሩ ቤቶች መብራት የላቸውምና በኤሌክትሪክ መጋዝ የተማረው ሙያ ከዚያ ከተማ ውጭ አልጠቀመውም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ በዘገባውም የተመረቁት ተቈጥረዋል፤ የጐደለው ምናልባት ከወጪው ሁሉ ያነሰው፤ የመሣሪያው ዋጋ ነው።

በአገራችን የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ሥርዓት፤ ሠልጣኙ ከመቶ 70 እጁን በተግባር፤ 30 እጁን በክፍል እንዲማር ታስቧል። አሳቡ መልካም ነው፤ ሥራ ላይ የሚያስገባው ባለ ሙያ በአቅራቢያው ካልተገኘ ግን 70ው በወረቀት ላይ ይቀራል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ነገር አለ። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከጌታው የተማረ ሰው ትምህርት ቤት ባይገባም፤ ለሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ ማለፍና የምስክር ወረቀት መያዝ ይችላል። ሃያ ዓመት ግንብ ሲገነባ የኖረ ሰው ወረቀት ስለሌለው ብቻ ከደመወዙ የሚቀነስበት በየሥራው ስፍራ አለና፤ ይህን ለሰዎቹ መንገር ለመምህር የሚከብድ አይደለም።

እንግዲህ የመጣሁበትን ልናገርና ላብቃ። ገንዘብ ይመደብልን ብለን ከመጠየቃችን በፊት፤ ለማን፣ በምን ሙያ፣ ለስንት ጊዜ የሚለውን ማወቅ አለብን። መምህራን ሆይ፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከመዝገባችሁ የሰረዛችኋቸውን ስሞች አውጥታችሁ በአንድ ደብተር ጻፉ፤ ከስሙም አጠገብ ዕድሜውን፣ ያቋረጠበትን ክፍል፣ ዛሬ የሚሠራውን፣ በሥልጠናም ጊዜ ማን እንደሚያበላው ጨምሩ። በቀላሉ የሚገኙትን ብቻ አትጻፉ፤ ቤቱ ሩቅ የሆነውንም፣ አካሉ የጐደለውንም፣ ልጅ ወልዳ የቀረችውንም ፈልጉ። ሽማግሎች ሆይ፤ በቀበሌያችሁ ያሉትን አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ ብረት ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ጠይቃችሁ፤ ስንት ተማሪ መቀበል እንደሚችሉ፤ በምን ዋጋ፤ በየትኛውም ወራት ሥራ እንደሚበዛላቸው አጽፉ። ሁለት ደብተሮች ይዤ መጥቻለሁ፤ አንዱ ለመምህራን፣ አንዱ ለሽማግሎች ነው። ከመከር በኋላ ተመልሼ ስመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እናነባቸዋለን።